የደራው መንገድ የተቆረጠው በእኔ እጅ ነው

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ዘመናይ ገሠሠ
ዕድሜ፦ 28
አድራሻ፦ ናዝሬት ከተማ፣ ቀበሌ 09፤ በሥራ ጊዜ ደራ አጠገብ ባለው የመንገድ ሥራ ካምፕ
ሥራ፦ የዶዘር ኦፕሬተር
የትምህርት ደረጃ፦ 10ኛ ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 29 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ኃይለየሱስ ዘገዬ
ጉዳዩ፦ ከደራ ወደ ሁሩታ በሚወስደው አዲስ መንገድ ላይ ተፈጽሟል ስለተባለው አሻጥር

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው ምስክር፣ ዛሬ ቃሌን የምሰጠው ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ከካምፕ በእግሬ መጥቼ ነው። የመጣሁትም ነሐሴ 24 ቀን አዲሱን መንገድ በዶዘር ቆርጧል ተብሎ የዶዘሩ ዋና ኦፕሬተር ጓድ ባጫ ኢተፋ በዚህ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ማረፊያ ቤት ስለሚገኝ፣ መንገዱን የቆረጥኩት ግን እሱ ሳይሆን እኔ ስለሆንኩ ነው። ይህን እንደተናገርኩ ሃምሳ አለቃው ብዕራቸውን አስቀምጠው "የኔ እህት፣ ሰው ለማዳን ተብሎ ውሸት አይነገርም" አሉኝ። ውሸቱን የተናገረው ባጫ መሆኑን ገልጬ ነገሩን ከሥሩ እንዲጽፉልኝ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ብዕራቸውን አነሡ።

ወደዚህ ሥራ እንዴት እንደገባሁ ተጠይቄ፦ የሴቶች ማኅበር በየመሥሪያ ቤቱ ሴቶች በከባድ መኪና ሥራ ይሠልጥኑ ብሎ ባሳሰበ ጊዜ ከናዝሬት ከተላክነው አንዷ ነበርኩ። ግሬደርና ዶዘር ተምሬ፣ ፈተናውን አልፌ ስመለስ የተመደብኩት ግን በካምፑ ወጥ ቤት ነው። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካፖው፣ "ለጊዜው ነው" አለኝ። ያ ጊዜ ሁለት ክረምት አለፈበት። ለዶዘር የተማርኩ ሴት ለአርባ ሰው ምስር ወጥ ስሠራ መክረሜን ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

አንድ ቀን የሴቶችን እኩልነት በሥራ ላይ እናያለን የሚሉ እንግዶች ከበላይ አካል መጡ። ካፖው ሽርጤን አስፈትቶ፣ የባጫን ቱታ አልብሶ፣ ለፎቶግራፍ ዶዘሩ ላይ አወጣኝ። ፈገግ እንድል ታዝዣለሁ፤ ሞተር እንዳስነሳ ግን ማንም አላዘዘኝም፣ አልከለከለኝምም። አስነሣሁት። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አቅፎ ሸሸ። ከፊቴ ተከምሮ የነበረውን ገረጋንቲ ገፍቼ፣ ደልድዬ፣ ማሽኑን ወደ ነበረበት መልሼ ወረድኩ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። በዚያ ጭብጨባ ላይ ወደ ወጥ ቤት ተመለሺ የሚለኝ ደፋር በካምፑ አልተገኘም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የባጫ ተለዋጭ ኦፕሬተር ሆኜ እሠራለሁ።

ባጫ የቢሾፍቱ ተወላጅ፣ ዕድሜው ሃምሳ የሚጠጋ፣ በዶዘር ላይ የሸበተ ሰው ነው። እኔ ጋሼ ባጫ እለዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አላነጋገረኝም፤ በሁለተኛው ሳምንት መቆጣት ጀመረ፤ ከተቆጣኝ በኋላ ግን የሚያውቀውን ሁሉ አስተማረኝ። ሠራተኞቹ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" እያሉ ሲቀልዱብኝ፣ እኔም "እናንተ ጀምሩት፤ እኔ እጨርሰዋለሁ" እላቸው ነበር። እሱ ይስቃል። በአጭሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዛሬ በእሱ ላይ የምናገረውም ከክፋት አይደለም።

ስለ መንገዱ ተጠይቄ፦ መንገዱ የሁሩታን እህል በደራ በኩል ወደ ናዝሬት ለማውጣት የተሠራ ነው። ወጪው የተሸፈነው ከገበሬ ማኅበራት መዋጮና በኬላ ከሚሰበሰበው ቀረጥ ሲሆን፣ ለአብዮቱ በዓል መስከረም 2 ቀን እንዲመረቅ ተወስኖ ነበር። በመንደር ምሥረታ ቤቶቹ ከተሰባሰቡበት አዲስ መንደር በታች መንገዱ ረግረጉን የሚያልፈው ከፍ ባለ የአፈር ሙሌት ላይ ነው። ከሙሌቱ ሥር ውሃ የሚያሳልፉ ሁለት ቱቦዎች እንዲገቡ ታቅዶ ነበር፤ የገባው ግን አንድ ነው። ሁለተኛው ከምረቃው በኋላ ይገባል ተባለ። ያንን ሙሌት ከሥር እስከ ጫፍ የገፋሁትና የደለደልኩት እኔ ነኝ። ባጫ አንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ሄዶበት ሲያበቃ አንዲት የሚነቅፋት ነገር አጥቶ "እህ" ብሎኛል። ከእሱ አፍ ይህ ሽልማት ነው። ስለዚህ የቆረጥኩት የሌላ ሰው ድካም ሳይሆን የገዛ ሥራዬን መሆኑ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ።

ነሐሴ 24 ቀን ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በአርሲ ደጋ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ከባድ ዝናብ ጣለ። የካምፑ ኃላፊ መሐንዲስ ጓድ ሙሉብርሃን ለምረቃው ዝግጅት ናዝሬት ሄደው ነበር፤ በካምፑም ስልክ የለም። ባጫ ወባ ይዞት ከሁለት ቀን ጀምሮ በድንኳኑ ተኝቶ ነበር። ጎርፉ መጀመሪያ ሲመጣ የመንደሩ ልጆች በሙሌቱ ጥግ ሲንቦጫረቁበት አይቻለሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ወዲያው የበቆሎ አገዳና ግንድ እየጠረገ መጥቶ የቱቦውን አፍ ደፈነው። መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በመንደሩ ውስጥ ተኛ። ወንዶቹ አካፋ ይዘው ቱቦውን ለመክፈት ሞክረው ነበር፤ አንዱን ውሃው ወደ ቱቦው ሲስበው በገመድ አወጡትና ተዉት። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በታችኛው በኩል ያሉት ቤቶች ውሃው እስከ መስኮታቸው ደርሶ ነበር።

በዚህ ጊዜ አዴ ሀጂራ የሚባሉ የመንደሩ አዛውንት እናት ከሃያ ከማያንሱ ሴቶች ጋር ወደ ካምፑ መጡ። ሁሉም ሲንቄ ይዘዋል። ሲንቄ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት፤ ሴቶች ይህን ይዘው በወጡበት ወንድ አልፏቸው አይሄድም፤ ያለፈ እንደሆነ ነውሩ ለዘሩ ይተርፋል። ኦሮምኛ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምናገር ከአዴ ሀጂራ ጋር በቀጥታ ተነጋገርን። "ቢሻን ኑ ፊጤ፤ ውሃ ጨረሰን" አሉኝ። ቀጥለውም "ኦፕሬተሩ የታል?" ብለው ጠየቁ።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ከራሴ እስከ እግሬ ተመለከቱኝና "እንግዲያ ያ ኢንተላ ኮ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። በአገልግሎቴ ሁሉ ኦፕሬተር መሆኔን ሰምቶ ድጋሚ ያልጠየቀኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያዋ ናቸው።

ወደ ባጫ ድንኳን ገብቼ የሆነውን ነገርኩት። በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። "እንዳትነኪው" አለኝ። "ያለ መሐንዲሱ ፈቃድ መንገድ መቁረጥ አሻጥር ነው የሚባለው። ራስሽን ትበያለሽ፤ ሰማሽ አንቺ ልጅ?" ሰምቻለሁ። ምክሩ የታላቅ ሰው ምክር መሆኑንም አውቃለሁ። ነገር ግን መሐንዲሱ እስኪመለሱ ብጠብቅ ኖሮ በፈቃድ የሚቆረጥ መንገድ እንጂ የሚድን ሰው ባልተገኘ ነበር። የባጫን የዝናብ ልብስና ባርኔጣውን ከምሰሶው ላይ አንሥቼ ለብሼ ወጣሁ፤ እነዚህንም የወሰድኩት ሳላስፈቅደው ነው።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ከሙሌቱ በታች ማየት ነው። ውሃው ቢለቀቅ የሚሄድበት ሸለቆ ቤትም እርሻም የሌለበት መሆኑን አረጋግጬ፣ አንድ ከብት ጠባቂ ከብቶቹን እንዲያወጣ ካደረግሁ በኋላ ዶዘሩን አስነሥቼ ወደ ሙሌቱ ሄድኩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ጂብሪል እየሮጠ የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። መንገዱ በምረቃው ቀን ዝግጁ እንደሚሆን ለአውራጃው ቃል የገባው እሱ ነበር። "ይህ የገበሬው መዋጮ ነው! የኬላው ቀረጥ ነው! ውሃው እኮ ይጎድላል!" እያለ ጮኸ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም፤ የፈራ ሰው ነው። አዴ ሀጂራ ግን "እኔስ መዋጮ አልከፈልኩም? መንገዱ የእኔም ነው፤ ድርሻዬን ቁረጡልኝ" ብለው መለሱለት። ሴቶቹም ሲንቄያቸውን አንሥተው መንገዱን በሰልፍ ዘጉት። ጂብሪል የአርሲ ልጅ ነው፤ ያንን ሰልፍ አላለፈም። ከርቀት ቆሞ ሲጮህ ነው የቀረው።

ሊቀመንበሩ መንገዱን የቆረጠው ባጫ ነው ብሎ ለፖሊስ የመሰከረው በዚህ ምክንያት መሆኑን እረዳለሁ። ከቆመበት ሆኖ በዝናብና በምሽት ያየው የባጫን ባርኔጣና የዝናብ ልብስ ነው። ከባርኔጣው ሥር ሴት ትኖራለች የሚል ሐሳብ ደግሞ አልመጣበትም። ዋሽቶ አይደለም። በቅርብ ሆነው ፊቴን ያዩት ሴቶቹ ናቸው፤ እነሱን ግን እስከ ዛሬ ማንም መጥቶ አልጠየቃቸውም።

እንዴት እንደቆረጥኩ ተጠይቄ፦ ቱቦው ካለበት ራቅ ብዬ፣ ዶዘሩን ከደራ በኩል በጠንካራው መሬት ላይ አቁሜ፣ አፈሩን በብሌዱ፣ ማለትም ከፊት ባለው መግፊያ ብረት፣ ወደ ሸለቆው እየገፋሁ በትንሽ በትንሹ ዝቅ አደረግሁት። በአንድ ጊዜ ብከፍተው ውሃው ማሽኑንም እኔንም ይዞ ይሄድ ነበር። መጨረሻ ላይ አፈሩ ከሥሬ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማሽኑን ወደ ኋላ መለስኩት። ውሃው የቀረውን ራሱ ወሰደው። ፈርቼ ነበር። ነገር ግን በመንደሩ ውስጥ ውሃው ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መሬት ሲወርድ ስመለከትና ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ከቤቶቹ ሦስቱ ፈርሰዋል፤ ፍየሎችና ዶሮዎች ሞተዋል። ከሰው ግን ማንም አልሞተም።

ከዚያም መኪና እንዳይገባበት ዶዘሩን በደራ በኩል አግድም አቁሜ መብራቱን አበራሁ። በሁሩታ በኩል ሴቶቹ ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ገብስ የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከሁሩታ መጣ። ሹፌሩ ሴቶች መንገድ ዘግተው ሲያይ ጥሩንባውን እያንባረቀ ተሳደበ። ወርዶ የተቆረጠውን ካየ በኋላ ግን ኮፍያውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀ። አዴ ሀጂራም "ለእኛ አይደለም፤ ለእሷ በላት" ብለው ወደ እኔ አመለከቱት። ሹፌሩ በመብራቱ ውስጥ አተኩሮ አየኝና "ወይ ጉድ!" አለ።

ባጫ እንዴት እንደተያዘ ተጠይቄ፦ ሰኞ ጠዋት ፖሊሶች በሊቀመንበሩ ጥቆማ ወደ ካምፑ መጥተው የዶዘሩ ኦፕሬተር ማን እንደሆነ ሲጠይቁ እኔ ከሠራተኞች ጋር ወደ መንደሩ ለእርዳታ ሄጄ ነበር። ስመለስ ባጫን ከነትኩሳቱ ወስደውታል። እሱም "አዎ፣ እኔ ነኝ" ብሎ መፈረሙን ሰማሁ። በማግሥቱ ምግብ ይዤለት መጥቼ በበሩ በኩል አነጋገርኩት። "ጋሼ ባጫ፣ ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ዝም በይ" አለኝ። "አንቺ ሴት ነሽ፤ እስር አይመችሽም። እኔ የኖርኩትን ኖሬያለሁ።"

"ዶዘርም አይመችሽም ብለውኝ ነበር" ብዬ መለስኩለት። እሱም ምግቡን ተቀብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

ይህን ያደረገው ለእኔ አዝኖ መሆኑን አውቃለሁ፤ አምስት ልጆች እያሉት ይህን መሸከሙም ልቤን ነክቶታል። ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም። ወጥ ቤት ያስገቡኝ ሰዎች ሥራዬን ነፍገውኝ ነበር፤ ባጫ ደግሞ ከሠራሁት በኋላ ወሰደብኝ። ያዘነልኝም የናቀኝም በመጨረሻ ያንኑ አደረጉኝ። ለእሱ ወህኒ መግባት ምክንያት መሆን አልፈልግም፤ እሱም የሥራዬ ባለቤት እንዲሆን አልፈልግም። ሁለቱም እኩል ያመኛል።

እስከዚህ ከተናገርኩ በኋላ ሃምሳ አለቃው፣ ባጫ አምኖ የፈረመ በመሆኑና ሊቀመንበሩም የመሰከረበት በመሆኑ፣ ቃሌን በምን እንደማረጋግጥ ጠየቁኝ። በኤግዚቢትነት ተይዞ በግቢው የቆመውን ዶዘር አመልክቼ "ቁልፉን ይስጡኝ" አልኳቸው። ጥቂት ካመነቱ በኋላ ሰጡኝ። ፖሊሶቹና ባለጉዳዮቹ ሁሉ ወጥተው ዳር ያዙ፤ አንዱ ፖሊስ አጥሩን እንዳላፈርስ ፈርቶ ከአጥሩ ፊት ሲቆም አይቼ ከአጥሩ ይልቅ ለራሱ እንዲያስብ ነገርኩት። ሞተሩን አስነሥቼ ወደ ፊት ስነዳ፣ ብሌዱን ገና ከመሬት ሳላነሣ፣ ከማረፊያ ቤቱ መስኮት "አንሺው! ብሌዱን አንሺው እንጂ! ስንቴ ልንገርሽ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ባጫ ነበር። ወዲያው ራሱን ማጋለጡን አውቆ ከመስኮቱ ራቀ። ሃምሳ አለቃው ወደ መስኮቱ አይተው፣ ወደ እኔ አይተው፣ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። እኔም ብሌዱን አንሥቼ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሬ፣ ዶዘሩን ከነበረበት መስመር ሳላዛንፍ አቆምኩት። የጮኸብኝ የአስተማሪነት ልማዱ ይዞት ነው እንጂ እኔ ብሌዱን ላነሣ ነበር፤ ይህም ይጻፍልኝ።

ባጫ ወደ መስኮቱ ተጠርቶ ሲጠየቅ የሰጠው የቀድሞ ቃል እውነት አለመሆኑን አምኗል። "ትታሰራለች ብዬ ነው" ብሏል። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ወደ ቢሮ ተመልሰን ሃምሳ አለቃው የጻፉትን ሲያነቡልኝ "በዋናው ኦፕሬተር በባጫ ኢተፋ ትእዛዝ መንገዱን ቆረጥኩ" የሚል መስመር ሰማሁ። እኔ እንዳላልኩት ነገርኳቸው። እሳቸውም ለእኔው አስበው መሆኑን፣ ታዝዤ የሠራሁ ከሆነ ክሱ እንደሚቀልልኝ፣ አሻጥር ደግሞ ዓመታት የሚያስቀጣ መሆኑን፣ ባጫም በወባ የታመመ ሰው ስለነበር ብዙ እንደማይጠየቅ በእርጋታ አስረዱኝ። "እህቴ ብትሆኚም የምመክርሽ ይህንኑ ነው" አሉኝ። ምክራቸውን አከብራለሁ። ዓመታት ማለት ምን እንደሆነም አውቃለሁ፤ ናዝሬት ያለችው እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም። ቢሆንም መስመሩ እንዲሰረዝ ጠይቄአለሁ። ባጫ ያለኝ እንዳትነኪው ነው። መሐንዲሱ አልነበሩም። ሊቀመንበሩ ተቃውሟል። አዴ ሀጂራ ለምነውኛል እንጂ አላዘዙኝም። ማንም አላዘዘኝም። አይቼ፣ አስቤ፣ ወስኜ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ውሃው ነገም ቢመጣ እቆርጠዋለሁ።

የተናገርኩት ይኸው ነው። ከጠዋት እስከ አሁን ያልኩት ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን መስመሩ ከተሰረዘ በኋላ እንደገና ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ በፍርድ ፊት ብጠየቅም ከዚህ የምቀንሰው የለኝም። በጣት አሻራ ሳይሆን በገዛ እጄ ጽሕፈት ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ዘመናይ ገሠሠ

ቃሉን የተቀበለው ሰው ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ኃይለየሱስ ዘገዬ

ማስታወሻ፦ ከላይ አንድ መስመር የተሰረዘው በምስክሯ ጥያቄና በእኔ ፊት ነው። ተጠርጣሪ ባጫ ኢተፋ በዛሬው ቀን በዋስ ተለቆ ወደ ሕክምና ተልኳል። ምስክር ዘመናይ ገሠሠ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በተጠርጣሪነት ተይዛ እሱ በወጣበት ክፍል ገብታለች።

ኃ. ዘ.